የደፈረሰ ወንዝ ውድድር፦ ከፒትስበርግ እስከ ዋቤ ሸበሌ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ፣ የአሌጌኒና የሞኖንጋሂላ ወንዞች ተገናኝተው ኦሃዮን በሚፈጥሩበት ስፍራ፣ በባስ ዓሣ ማጥመድ ሙያ ትልቁ የሆነው ባስማስተር ክላሲክ ተካሄደ። አሸናፊው ኬቨን ቫንዳም በሦስት ቀን ለሚዛን ያቀረባቸው ዓሦች ተደምረው 5.87 ኪሎ ግራም ብቻ መዘኑ። በውድድሩ ታሪክ በዚህን ያህል ዝቅተኛ ክብደት ያሸነፈ ሌላ ሰው የለም። ሁለተኛ የወጣውን አሮን ማርተንስን የበለጠውም በ170 ግራም ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፖል ኢላያስ በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ በሚገኘው ፋልከን ሰው ሠራሽ ሐይቅ በአራት ቀን 60.1 ኪሎ ግራም አስመዘነ። ሁለቱም የተወዳደሩት በቀን ከአምስት የማይበልጡ ዓሦች ለሚዛን እንዲቀርቡ በሚፈቅድ ደንብ ነው። ለቀን ሲካፈል የአንዱ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ የሌላው 15 ኪሎ ይደርሳል። ቫንዳም ክላሲክን አራት ጊዜ ያሸነፈ ሰው በመሆኑ ልዩነቱን በችሎታ ማስረዳት አይቻልም። ልዩነቱን ያመጣው ውኃው ነው።

እነዚህ ውድድሮች ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ ይታያሉ። ፈጣኑ ጀልባ፣ የሚንጨረጨረው ዓሣ፣ የሚጮኸው ሕዝብና የሽልማቱ ቼክ በቀላሉ ዓይን ይገባሉ። ከምስሉ በስተጀርባ ያለውን ሥርዓት ግን ተመልካቹ በግማሽ እንኳ አያውቀውም። የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ለቱሪዝም ገቢ ይሆናል የሚለው ሐሳብ በአገራችን ስለ ባሮ፣ ስለ ጫሞና ስለ ባሌ ወንዞች በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ ነው። ምዕራብ ሐረርጌም ከዚህ ሐሳብ ውጭ አይደለም። የዞኑ ደቡባዊ ወሰን ዋቤ ሸበሌ ነው። የጨርጨር ተራሮች ጀርባ ውኃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰሜናዊው ተዳፋት ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ ደቡባዊው ደግሞ እንደ ገለቲና ራሚስ ባሉ ገባሮች በኩል ወደ ዋቤ ይሄዳል። ገለምሶ የተቀመጠችው በዚሁ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለገለምሶና ለጭሮ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ በአስቸጋሪ ወንዝ ላይ ውድድር እንዲካሄድ የሚያስችለው ምንድን ነው? በእኛ ወንዞች ላይስ ይቻላል? የእኔ መልስ ውድድሩ የረጅም ሰንሰለት መጨረሻ ነው የሚል ነው። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ውኃን ከመለካት ሲሆን፣ ዓሣውን በማወቅ፣ በሕግና በደኅንነት በኩል አልፎ ነው ወደ ጀልባው የሚደርሰው። መጨረሻውን ብቻ ቆርጦ ማምጣት ዓሣውንም፣ አንዳንዴም ሰውን፣ ያስከፍላል።

ሚዛኑ የሚሠራው እንዴት ነው

ባስ በሰሜን አሜሪካ ንጹሕ ውኃ ውስጥ የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። አድብቶ፣ ከሥር ወይም ከጥላ ተነሥቶ በድንገት ይነክሳል፤ ሲያዝም ይታገላል። ሬይ ስኮት የተባለ የኢንሹራንስ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1967 በአርካንሳስ ቢቨር ሐይቅ 106 አጥማጆችን ሰብስቦ የመጀመሪያውን ውድድር አካሄደ፤ በዓመቱ ባስ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። በ1971 የመጀመሪያው ክላሲክ ሲካሄድ የአሸናፊው ሽልማት 10,000 ዶላር ነበር፤ ዛሬ 300,000 ዶላር ነው። ነገር ግን ለሙያው ዕድሜ የሰጠው ከገንዘቡ ይልቅ በ1972 የተጀመረው የተያዘውን ዓሣ በሕይወት የመልቀቅ ደንብ ነው። ስኮት የተረዳው ቀላል ነገር ነው፤ መቶ የተመረጡ አጥማጆች በአንድ ሐይቅ ላይ ወርደው የያዙትን ሁሉ ገድለው ቢሄዱ በሚቀጥለው ዓመት የአካባቢው ሰው አያስገባቸውም።

ደንቡ በሚዛኑ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ዓሣው ጀልባው ውስጥ አየር በሚነፋለት የውኃ ገንዳ ይቆያል፤ ከገንዳው ውኃ በያዘ ከረጢት ወደ ሚዛን ይወጣል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ሞቶ ከቀረበ ለእያንዳንዱ ዓሣ 113 ግራም ገደማ ከድምሩ ይቀነሳል። በፒትስበርግ የነበረውን ልዩነት እዚህ ላይ ማስታወስ ይበጃል። በ170 ግራም በተወሰነ ሻምፒዮና ሁለት የሞቱ ዓሦች ዋንጫውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ዘግይቶ ለተመለሰ አጥማጅ ቅጣቱ ይከብዳል፤ በየደቂቃው 450 ግራም ገደማ ይቀነሳል፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የዘገየ የቀኑን ሁሉ ያጣል። ወንዝ ላይ ይህ ሕግ ወሳኝ ነው። አጥማጁ ዓሣ አለበት ወደሚባለው ሩቅ ቦታ ሲሄድ በግድቦች ላይ ያሉትን የጀልባ ማሻገሪያ በሮች መጠበቅ አለበት፤ በሩ ላይ ያለፈችው ሰዓት ከማጥመጃው ሰዓት ላይ የምትቀነስ ናት።

ከ2019 ጀምሮ ሜጀር ሊግ ፊሺንግ በሚባለው ተቀናቃኝ ማኅበር የሚመራው ተከታታይ ውድድር ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ ዓሣው ጀልባው ላይ በዳኛ ፊት ተመዝኖ ወዲያው ወደወጣበት ይመለሳል። ለወንዝ ይህ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። በገንዳ ተጭኖ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚለቀቅ ዓሣ በሕይወት ቢተርፍ እንኳ ከራሱ ቦታ ተነቅሎ ነው፤ ውኃው በሞቀ መጠንም ከተለቀቀ በኋላ የሚሞተው ቁጥር ይጨምራል። ሚዛኑ ላይ ያልታየ ሞት ደግሞ ማንንም ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህም ማንም አይቆጥረውም።

ወንዝ ሲከፋ ምን ይሆናል

ሐይቅና ወንዝ ለአጥማጅ አንድ አይደሉም። በሐይቅ ላይ ትናንት ዓሣ የተገኘበት ቦታ ዛሬም ሊገኝበት ይችላል። በወንዝ ላይ ግን የትናንት ዕውቀት በአንድ ሌሊት ዝናብ ዋጋ ያጣል። ውኃው ሲጨምር ባስ ከመሐል ወጥቶ ወደተጥለቀለቀው ዳርቻ፣ ወደ ሣሩና ወደ ቁጥቋጦው ይጠጋል፤ ምግብ ያለው እዚያ ነው። ውኃው መጉደል ሲጀምር ደግሞ እንዳይታገት ፈጥኖ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ጅረቱ ሲበረታ ኃይሉን ላለማባከን ከቋጥኝ፣ ከድልድይ እግር ወይም ከወደቀ ግንድ ጀርባ ባለችው የረጋች ውኃ ውስጥ አፉን ወደ ላይኛው አቅጣጫ አዙሮ ይቆማል፤ ጅረቱ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ልምድ ያለው አጥማጅ ማማለያውን የሚጥለው ከቋጥኙ በላይ ነው፤ ውኃው ራሱ እየነዳ በዓሣው ፊት እንዲያሳልፍለት። አንድ ክንድ ያህል ቢስት ዓሣው አይነቃነቅም። ውኃው ሲደፈርስ ዓይን ስለማያገለግል ዓሣው ንዝረትን ተከትሎ ያድናል፤ ስለዚህ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያንኳኳ፣ ጥቁር ማማለያ ይመረጣል።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ይጨመራል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ወንዞች በግድብ የታሠሩ ናቸው፤ ተርባይኑ ሲከፈት ጅረት ይፈጠራል፣ ሲዘጋ ውኃው ይረጋል። በቴኔሲ ወንዝ ላይ ግድቦቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የውኃ አለቃቀቅ መርሐ ግብሩን ለሕዝብ ያሳውቃል፤ አጥማጁም በዚያ መሠረት በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆን ያቅዳል። እንደ ዴላዌር ባሉ ወደ ውቅያኖስ በሚፈስሱ ወንዞች ላይ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው የባሕር ሙላትና ጉድለት ነው ሰዓቱን የሚያዝዘው። እ.ኤ.አ. በ2014 ማይክ ኢያኮኔሊ በፊላደልፊያ ያሸነፈው በዚህ ዓይነት ውኃ ላይ ነው፤ በአካባቢው ያደገ ሰው በመሆኑ የወንዙን ሰዓት ያውቅ ነበር።

ዓሣውን በውኃ ውስጥ እንዳለ ቀጥታ የሚያሳየው ሶናር የተባለው አዲሱ መሣሪያ ይህን ሁሉ ዕውቀት ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል የሚል ሥጋት አለ። ሁለቱ ትልልቅ አዘጋጆች በ2025 ገደብ ማበጀት የጀመሩትም ለዚህ ነው። ዓሣውን በስክሪን ላይ እያዩ መጣል የተለማመደ ወጣት ለሠላሳ ዓመት ውኃ ያነበበውን አዛውንት በአንድ ዓመት ሲቀድም ክርክሩ መነሣቱ አይቀርም። ሆኖም መሣሪያው ኃይሉ የሚጎላው በጥልቅና በረጋ ውኃ ላይ ነው። ጥልቀት በሌለው፣ እንጨትና ፍርስራሽ በሚነዳ፣ በሚናወጥ ወንዝ ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል። በአስቸጋሪ ወንዝ የሚካሄድ ውድድር የሰውን ንባብ ወደ ፊት መልሶ የሚያመጣ መሆኑ የዚህ ስፖርት እውነተኛ ውበት ነው።

ግን አንድ ነገር ሊሳት አይገባም፤ በአሜሪካ አስቸጋሪ የሚባለው ወንዝ የተለካ ወንዝ ነው። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በሺዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች የውኃውን ከፍታና ፍሰት፣ በአብዛኛው በየ15 ደቂቃው እየመዘገበ፣ ለማንም በነፃ ያሳያል። የውድድሩ ኃላፊም የሚወስነው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በግንቦት 2019 በኦክላሆማ የአርካንሳስ ወንዝ ተፋሰስ በከባድ ጎርፍ ሲጥለቀለቅ በፎርት ጊብሰን ሐይቅ ሊካሄድ የነበረው ውድድር ተሠርዞ በመስከረም ወር በቴንኪለር ሐይቅ ላይ ተካሄደ። ስፖንሰሩ ከፍሎ፣ ሆቴሉ ተይዞ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘጋጅቶ ሳለ መሠረዝ የሚቻለው ውሳኔውን የሚደግፍ ቁጥር ሲኖር ነው።

የጨርጨር ውኃ

ወደ ራሳችን እንመለስ። የዋቤ ሸበሌ ተፋሰስ በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በስፋት ከአገሪቱ ተፋሰሶች ቀዳሚ ቢሆንም በውኃ መጠኑ ግን ከኋለኞቹ ነው። ወንዙ በአብዛኛው ዓመት ውቅያኖስ ሳይደርስ በሶማሊያ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይቀራል። ከላይ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ግድብ አለ፤ ስለዚህ የዋቤ ፍሰት የዝናብ ብቻ ሳይሆን የተርባይንም ውጤት ነው። ከግድቡ በታች ግን ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ደጋ የሚወርዱት ገባሮች በበልግና በክረምት በየራሳቸው ሰዓት ይሞላሉ፤ ግድቡ እነሱን አይቆጣጠርም። ከዚህ በተጨማሪ የሐረርጌ ደጋ ተዳፋት ነው። ማሽላው፣ ጫቱና ቡናው በገደል ላይ ሳይቀር ይተከላሉ፤ እርከን ባለበት አፈሩ ይያዛል፣ በሌለበት ወደ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ በዝናብ ወቅት ቡናማ ሆኖ የሚወርደው የእርሻ አፈር ተሸክሞ ስለሆነ ነው።

በዚህ አካባቢ ጎርፍ የሚመጣው ዝናቡ ከጣለበት ራቅ ብሎ ነው። በነሐሴ 2006 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የገደለው ዝናቡ ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ስለዘነበ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ደግሞ ዋቤ ራሱ በጎዴ አካባቢ በሌሊት ሞልቶ ከ100 በላይ ሰው ወሰደ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የሐረርጌ ወንዝ ግን ለማሳሳቅ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። በታችኛው ዋቤ አዞ መኖሩም አይረሳም። በዚህ ዓይነት ወንዝ ላይ ስለ ጀልባ ውድድር ማሰብ የሚቻለው ከላይ የዘነበውን ከታች ላለው ሰው በሰዓቱ የሚነግር የመለኪያ ጣቢያ ሲኖር ብቻ ነው። ጣቢያው ሲተከል ቀዳሚ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ አጥማጆች ሳይሆኑ በወንዙ ዳር የሚኖረው፣ ከብት የሚያጠጣውና የሚያቋርጠው ሕዝብ ይሆናሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ይህን ነው።

ሌላው ጫፍ ድርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በኤል ኒኞ ምክንያት ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት ዞኖች አንዱ ነበር። የሐሮማያ ሐይቅ ታሪክም በቅርብ ያለ ትምህርት ነው። ሐይቁ ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር እየተሳበ፣ ደለልም እየሞላው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል፤ በመካከሉ የነበረው ዘመን ግን በሐረርጌ ደጋ ውኃ ጠፍቶ ሊቀር እንደሚችል በዓይን አሳይቷል። የመስኖ ፓምፕ በበጋ የወንዙን መጨረሻ ጠብታ በሚስብበት ቦታ ዓሣ የሚጠለልባት ጥልቅ ኩሬ አትቀርም። ስለዚህ የዓሣው ዕጣ የሚወሰነው በማጥመጃው ከመወሰኑ በፊት በጫቱ ማሳ ላይ ነው። ገለምሶ በጫቷ ስሟ እስከ አዲስ አበባና ጅቡቲ የሚታወቅ ከተማ ናትና፣ ገበሬው በበጋ ውኃ መሳቡን እንዲተው መጠየቅ ኑሮውን እንዲተው መጠየቅ ነው። ከወንዙ የሚሳበው መጠን በቀንና በሰዓት በጋራ ቢደለደል፣ ዝናብ ሲበዛ የሚጠራቀምበት ኩሬ ቢቆፈር ግን ማሳውም ወንዙም ይተርፋሉ።

ባስን ማምጣት ለምን አይገባም

አንዳንዱ መንገዱን ለማሳጠር ዓሣውን ራሱን ማምጣት ይሻላል ይል ይሆናል። አገራችን ቀድሞም የውጭ ዓሣ ለስፖርት አስገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ የመጣው ትራውት በባሌ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ተለምዶ ጎብኚ ስቧል። ባስም በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ከገባ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ታዲያ ለምን አይሆንም? መልሱ በደቡብ አፍሪካ በገንዘብ ተከፍሎበታል። በኬፕ ተራሮች ወንዞች ለስፖርት የተለቀቀው ትንሽ አፍ ባስ በደረሰበት ሁሉ አገር በቀል ትንንሽ ዓሦችን ጠርጎ በላ። የኬፕ ተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሴደርበርግ የሚገኘውን የሮንደጋት ወንዝ አንድ ክፍል በመድኃኒት አክሞ ባሱን አጠፋ፤ የአገሬው ዓሣም ተመልሶ በዛ። ያ የተሳካው ወንዙ ትንሽ ስለሆነና ከታች ባሱ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክል ግድብ ስለነበረ ነው። ዋቤን የሚያህል ወንዝ በመድኃኒት አያጸዱትም። አንዴ የገባ ባስ አይወጣም ማለት ነው።

ደግሞም አያስፈልገንም። ደቡብ አፍሪካውያን በቫል ወንዝ ላይ በክብር የሚያጠምዱትና የሚለቁት ቢጫ ዓሣ የእኛ ቢልጫ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ትልልቅ የባርበስ ወገን ናቸው። ጅረት ይወዳል፣ ጉልበተኛ ነው፣ ክር ይጎትታል። የዋቤ ተፋሰስ የራሱ ባርበሶች፣ አምባዛና ሌሎች ዓሦች አሉት። ቢልጫ ለኢትዮጵያ ወንዝ ሊሆን የሚችለው ባስ ለአሜሪካ ወንዝ የሆነውን ነው፤ ልዩነቱ ቢልጫ እዚሁ የተፈጠረ መሆኑ ነው።

ነገር ግን ጣና ያስተማረን ትምህርት አለ። የጣና ትልልቅ ባርበሶች ብዙዎቹ በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲደፈርስ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠርና አየር የበዛበት ውኃ ባለበት ገባር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ አጥማጁ በወንዝ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ለመራባት የተሰበሰቡትን መጠበቅ ጀመረ። በ1990ዎቹ አሥር ዓመት ውስጥ የባርበሱ ብዛት በሦስት አራተኛ ቀነሰ። አምባዛውና ቀረሶው እንዲህ አልወደቁም፤ የወደቀው ወደ ወንዝ የሚወጣው ነው። ለእኛ አስቸጋሪ የሚመስለን የሞላ ወንዝ ለባርበስ የመራቢያ ወንዝ ነው። ስለዚህ አሜሪካውያን በሞላና በደፈረሰ ወንዝ ላይ መወዳደራቸውን አይተን እኛም በክረምት እንወዳደር ብንል የምናጠምደው በጣም መጠበቅ ባለበት ሰዓት ላይ ያለውን ዓሣ ይሆናል። አሜሪካም ብትሆን ከዚህ ጥያቄ አላመለጠችም፤ ወንዱ ባስ ጎጆውን በሚጠብቅበት ጊዜ ማጥመድ በአንዳንድ ሰሜናዊ ግዛቶችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ በሕግ ተገድቧል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው፤ ድርቅ በሚመላለስበት አገር ዓሣ ይዞ መልቀቅ ቅንጦት ነው ይላል። በተራበ ሰው ፊት ዓሣ የሚለቅ ስፖርተኛ የሚያስከፋ መሆኑን እቀበላለሁ። በመንጠቆ ለቤቱ የሚያጠምድ ሰው በምንም ዓይነት የስፖርት ደንብ ሊከለከል አይገባም፤ የመልቀቅ ደንቡ ለመዝናናት የሚያጠምደውን ብቻ የሚመለከት መሆን አለበት። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ፈቃድና ቁጥጥርን ሲደነግግ መነሻው ሀብቱ እንዲቀጥል ነው፤ ክልሎችም በዚያ ላይ የራሳቸውን ዝርዝር መጨመር ይችላሉ። የተራበውን የጎዳው ደግሞ መልቀቅ አይደለም፤ በጣናም በጫሞም የታየው በመረብ ያለ ወሰን መውሰድ ነው። ጫሞ ውስጥ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ናይል ፐርች ይወጣ የነበረው ዘመን ያለፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያጣውም ጎብኚው ብቻ ሳይሆን ከሐይቁ የሚኖረው አጥማጅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘቡ ይምጣ እንጂ ጥበቃው ይከተላል የሚል ነው። በአሜሪካ ገንዘቡ የመጣው ከአጥማጁ ብዛት ነው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ዘንግ፣ ክር፣ ጀልባና ሞተር ይገዛል፤ ሽልማቱን የሚሸፍኑት እነዚህን ዕቃዎች የሚሸጡ ኩባንያዎችና ተወዳዳሪው ራሱ የሚከፍለው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር መግቢያ ናቸው። በተጨማሪ እያንዳንዱ አጥማጅ የሚገዛው ፈቃድና በዕቃው ላይ የሚጣለው ግብር ተመልሶ ለዓሣ ጥበቃ ይውላል። ይህ ገበያ በሌለበት አገር ሽልማት መስጠት የሚችለው ለጋሽ ብቻ ነው፤ ለጋሽ ሲሄድ ውድድሩም ይሄዳል። ገንዘብ ቀድሞ ሲገባ ደግሞ የማጭበርበር ፍላጎት ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በኢሪ ሐይቅ በሌላ የዓሣ ውድድር ላይ በዓሣው ሆድ ውስጥ እርሳስ የከተቱ ሁለት ተወዳዳሪዎች እስር ቤት ገብተዋል። ያ የተገኘው ዳኛው የዓሣውን ርዝመት አይቶ ክብደቱን ስለጠረጠረ ነው፤ ዓሣውን የሚያውቅ ዳኛ ማፍራት ደግሞ ዓመታት ይወስዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእኛ ወንዝ አስቸጋሪ መሆኑ ራሱ ይስባል ይላል። ችግርን የሚፈልግ ጎብኚ አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን እሱ የሚፈልገው የሚታወቅ ችግር ነው። ቴኔሲ ላይ አጥማጁ ውኃው መቼ እንደሚመጣ አውቆ ይጋፈጠዋል። ራሚስ ላይ ውኃው መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግረውም። እዚህ ላይ የምንለየው ጀግንነትን ከፍርሃት ሳይሆን መረጃ ያለውን ከሌለው ነው።

የሚጠበቀው

አሁን ባለው ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ የሚመስለኝ ምንም የተደራጀ ነገር ሳይኖር መቀጠሉ ነው። በዚያ መንገድ መረቡ እየበዛ፣ በበጋ የሚሳበው ውኃ እየጨመረ፣ በወንዙ ውስጥ ያለው ዓሣ ምን እንደነበረ ሳይታወቅ ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ጥፋት ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ መነሻ ቁጥር ስለሌለ ጉዳቱ አይለካም። የውጭ አዳኝ ዓሣ የማስገባት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ቢከሰት ግን የማይመለስ ስለሆነ ከአሁኑ በክልል ደንብ በግልጽ መከልከሉ ዋጋ አያስከፍልም።

ሦስተኛው መንገድ ዝግ ያለ ነው። ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ፤ ሁለቱም የግብርና ተማሪ ያፈራሉ። በገለቲ፣ በራሚስና በዋቤ ላይ የትኛው ዓሣ የት እንዳለ፣ መቼ እንቁላል እንደሚጥል ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት መመዝገብ ከእነሱ አቅም በላይ አይደለም። የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የፍሰት መለኪያ ጣቢያዎቹ የሚመዘግቡትን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በስልክ መልእክት ለወረዳ ቢያደርስ የጎርፍ ማስጠንቀቂያና የስፖርት መረጃ አንድ ነገር ይሆናሉ። ውድድሩ ከዚህ በኋላ በርካሽ ይጀመራል። አሜሪካ ውስጥ ካያክ በሚባል ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ የሚወዳደሩ አጥማጆች ሚዛን አይጠቀሙም፤ ዓሣውን በመለኪያ ጣውላ ላይ አጋድመው ፎቶ ያነሡታል፣ ወዲያው ይለቁታል፣ አሸናፊው በርዝመት ይወሰናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ጣውላና ስልክ ነው። ጀልባ ካልኖረም ከዳር ሆኖ ይጠመዳል። የገንዳው፣ የማጓጓዙና የሞተው ዓሣ ችግር በአንድ ጊዜ ይቀራል፤ ፎቶው ራሱ ደግሞ ለተመራማሪው የትኛው ዓሣ በየትኛው ወንዝ፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ የሚነግር መዝገብ ይሆናል።

ወቅቱ ታኅሣሥና ጥር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በልጉ ሳይመጣ፣ ውኃው ወርዶ ጠርቶ ሲታይ። ያን ጊዜ ወንዙ ሌላ ዓይነት አስቸጋሪ ነው። ዓሣው በጥቂት ጥልቅ ኩሬዎች ተሰብስቦ በጥራት ያያል፣ ጥላ ይፈራል፣ ክርም ይለያል። የጠራ ውኃ ቢልጫ ማታለል ከደፈረሰ ውኃ ባስ ቢከብድ እንጂ አይቀልም። ነገር ግን በኩሬ የታጎረ ዓሣ በመረብ በአንድ ቀን ሊያልቅም ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት የኩሬዎቹ ዝርዝር፣ በእያንዳንዱ ላይ በቀን የሚገባው ሰው ብዛትና መረብ የማይገባባቸው ወራት ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይኖርበታል። የአጥማጁ የቀን ክፍያም ወደ ዞን ሣጥን ሳይሆን ኩሬውን ለሚጠብቁት ቀበሌዎች እንዲገባ ከተደረገ፣ በበጋ ፓምፕ የሚስበው ገበሬ የመጨረሻዋን ኩሬ የሚተውበት ምክንያት ያገኛል።